ከአጥር ወዲያ

በዊስኮንሲን ኮረብታ፣ በጥቅምት ማለቂያ፣
ማማዬ ላይ ወጣሁ ፀሐይ ማዘቅዘቂያ።
አሥራ ሰባት እርከን፣ እርጥብ የብረት መሰላል፣
ጉልበቴ አንድ በአንድ ይቆጥረዋል፤ ያውቃል።
ቀስቴን በገመድ ስቤ ጭኔ ላይ አጋደምኩ፣
ጃኬቴን እስከ አገጬ ቆለፍኩና ዝም አልኩ።

ባለጠመንጃ ከማዶ ይተኩሳል፤ የእሱ ሌላ ነው፤
የእኔ ሃያ እርምጃ ነው፣
ሽፋሽፍቱን እስክቆጥረው፣
ትንፋሼን ነፋስ ሰርቆ እንዳያቀብለው።

የኦክ ፍሬ ይወድቃል፤ ጠብ። ደግሞ ጠብ።
ሽኮኮ ቅጠል ያምሳል፣ ያታልላል የእኔን ቀልብ።
ብርዱ ጣት ይቆረጥማል፤ በጥቅምት አንድ አጥንት
የሚያሰኝ ብርድ ነው፣ ማቀዝቀዣው ባዶ ለሆነበት።

ከዚያ መጣ።
ሲመጣ አላየሁም። ዛፍ ነው ያልኩት ነገር
ዛፍነቱን ትቶ በድንገት ቀንድ አወጣ።
አንገቱ አብጧል፤ የስሪያው ወራት ደርሷል፤
ከቀንዱ ጫፍ የዛፍ ልጥ እንደ ክር ተንጠልጥሏል።

ሳብኩ። አውታሩ ከንፈሬ ጥግ ላይ ዐረፈ።
ስንት ዘመን በዚያች ትንፋሽ መካከል አለፈ?
ለቀቅኩ።
ሐብሐብ በጥፊ የመቱት ያህል ድምፅ ሰማሁ፣
ነጭ ጭራውን ወትፎ ሲፈተለክ አየሁ።

ከመምታት መጠበቅ ይከብዳል። ቸኩሎ የሄደ
ሊሞት የተኛን ቁስለኛ ቀስቅሶ አሳደደ።
ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ፤ የእጄ መንቀጥቀጥ በረደ፤
ጨለማው ከሸለቆ ወጣ እንጂ ከሰማይ አልወረደ።

ባትሪዬን አበራሁ። አንዲት ጠብታ በቅጠል ላይ፣
ሮዝ፣ አረፋ ያዘለች፣ ሳንባ መሆኑን የምታሳይ።
ከዚያ ሦስት። ከዚያ ምንም። በጉልበቴ ዳኽኩኝ፤
በጥቅምት ቅጠሉ ሁሉ ደም ነው፤ እየዳሰስኩኝ
እርጥቡን ከደረቁ ስለይ፣
ግንባሬ ሽቦ ነካ። የኦሪን አጥር። ከእሾሁ ላይ
የሆድ ጠጉር፣ ነጭ፣ አንድ ቆንጥር፤
ጌታው ዘሎ ሄዷል፣ እኔን ትቶኝ ከአጥር።

አሥራ አንድ ዓመት ነው፤
ከኦሪን ሃልቮርሰን ጋር ሰላም አንባባልም።
ወሰን ላይ በቆመ ኦክ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ አልክድም።
የአባቱ ዛፍ ነበር፤ እኔ በእኔ በኩል መስሎኝ፤
ቀያሹ ሜትሩን ዘርግቶ በሁለት ክንድ ረታኝ።
ይቅርታ ሳልል ቀረሁ፤ ቼክ ላክሁ በፖስታ፣
ተመለሰ እንደታሸገ፣ ያለ ቃል፣ ያለ ሰላምታ።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ ያለ ፈቃድ የሰው መሬት አይረገጥም።
ሌላም ሕግ አለ፤ ያቆሰሉት ጫካ ውስጥ አይተውም።
ሽቦውን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ በመንገዱ ዞርኩ፣
ደም በነካው እጄ የኦሪንን በር ደበደብኩ።

ከፈተ። በካልሲ ነው። ጺሙ፣ እኔ ሳላይ፣ ነጥቷል።
እጄን አየ። «የት?» አለ። «ከወንዙ ወዲህ ይመስለኛል።»
ሌላ አልጠየቀም። ቦቲውን አጠለቀ፣
ፋኖሱን ከምስማር አንሥቶ ጨለማውን ሰነጠቀ።

ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ የደም ክር ይዘን፣
«እዚህ» ይላል እሱ፤ «እዚህ» እላለሁ፤ ሌላ ቋንቋ አልነበረን።

አገኘነው፤ ከታጨደው የበቆሎ ማሳ ዳር፣
ፊቱን ወደ መጣበት አዙሮ፣ ውርጭ ጀርባው ላይ ሲጀምር።
ዓይኑን በቅጠል ነካሁት፤ አልተርገበገበም፤ በቃ።
ለተሰማኝ ስም አላውቅም፤ ሐዘን ያልሆነ፣ ለደስታም ያልበቃ።

ሆዱን ስከፍት እንፋሎት ወጣ፤ ኦሪን እግሩን ያዘልኝ፤
«ያ ዛፍ ቢኖር» አለ፣ ቀና ሳይል፣ ሳያየኝ፣
«ፍሬውን ሊለቅም በመጣ፤ ይኼኔ በእኔ ማማ ሥር በወደቀ።»
ይቅርታ ያልኩ መሰለኝ፤
ወይ ገመዱ ቀንዱ ላይ ሲጠብቅ ሲጥ ያለ ነው፤ ማን አወቀ?

ጎተትነው። በየሃያ እርምጃው ቆመን ተነፈስን።
ጉበቱንና አንድ ታፋ ሰጠሁት፤ ወሰደ። ተለያየን።

ፍላጻዬ ግን ጠፋ፤ ፈለግሁት፤ ተውኩት።
በመጋቢት፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ የፖስታ ሳጥኔን ተደግፎ
ቆሞ አገኘሁት፤ ደሙ ታጥቦ፣ የተነቀለው ላባ ተለጥፎ፣
አሁንም ያለ ቃል፣
ያለ ቴምብር።